ለሙላት የገጣጠምናት ኮምፒውተር

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ደብረ ብርሃን የመታወቂያዬን ቅጂ ላስነሳ ወደ አንድ ጽሕፈት ቤት ገብቼ ተራዬን ስጠብቅ፣ ባለቤቱ የአንድ ያረጀ ኮምፒውተር ጎን ፈትቶ በአየር መንፊያ አቧራውን ያራግፍ ጀመር። የጋለ አቧራ ሽታ ቤቱን ሞላው። አቧራ ምን ሽታ አለው ትሉኝ ይሆናል፤ ሽቦና ፕላስቲክ ላይ ተኝቶ ለዓመታት ሲቁላላ የከረመ አቧራ ግን ከምንም ጋር የማይምታታ የራሱ ሽታ አለው። ውጭ ያ የታወቀው የደብረ ብርሃን ንፋስ በር ይገፋል። እኔ ጋቢዬን እንደተከናነብኩ አንገቴ ስር ላብ ሲያሳክከኝ ተሰማኝ። ላቡ የደብረ ብርሃን አልነበረም፣ የሸዋ ሮቢት ነው። ቆሜ መጠበቅ አቃተኝና ወጥቼ እስከ አስፋልቱ ሄጄ ተመለስኩ፤ ደግሞ ሄድኩ። ሰውየው ግራ ገብቶት ደህና መሆኔን ጠየቀኝ። ደህና ነኝ፣ አንድ ነገር ትዝ ብሎኝ ነው አልኩት። የታወሰኝ ነገር ግን እሱ ሥራ ይዞ ቆሞ የሚሰማው ዓይነት አልነበረም።

ሸዋ ሮቢት ያኔ አንድ አስፋልትና የአስፋልቱ ግራ ቀኝ ነበረች። መንግሥት ከተለወጠ ከርሟል፤ ከተማው አዳዲስ ቆርቆሮ ይለብሳል፤ ዓመቱን በትክክል አትጠይቁኝ። ከአዲስ አበባ የተነሳው አውቶቡስ ጣርማ በርን አልፎ፣ የደብረ ሲናን ቁልቁለት ተጠማዝዞ ሮቢት ሲደርስ ምሳ ሰዓት ይሆናል። ተሳፋሪው ሹራቡን እያወለቀ ይወርዳል፤ ማንጎና ፓፓያ የያዙ ሴቶች ይከቡታል። ማንጎ በሳህን ተቆልሎ ሃምሳ ሳንቲም፣ ቀዝቃዛ ለስላሳ ሁለት ብር፤ ቀዝቃዛ የሚለው ቃል ግን የሻጩ እምነት እንጂ የጠርሙሱ አልነበረም። መናኸሪያው አጠገብ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ካሴት ቤቶች ነበሩ። አንዱ የሱዳን ዘፈን ሲከፍት ሌላው በእልህ የወሎ ይለቃል፤ ሁለቱ ድምፅ መሀል አስፋልት ላይ ይጋጭና እኛ ጤና ጣቢያ ሲደርስ ማንም ያልዘፈነው ሦስተኛ ዘፈን ሆኖ ይደርሳል። ወንዱ ከሥራ መልስ ሽርጡን አገልድሞ ደጅ ይቀመጣል። እኔ ከመንዝ የወረድኩ ነርስ ነኝ፤ የመጀመሪያውን ዓመት በወፍራሙ ቀሚሴ ልሙት ብዬ ስታገል ከረምኩና ኋላ እንደ አገሩ ሴት ስስ ሽፎንና የፕላስቲክ ጫማ ገዛሁ። ጫማዋ ስድስት ብር ነበረች። አስፋልቱ ሲግል ሶሏ ይለጠፋል፤ መንገድ ስሻገር ቸፕ ቸፕ የሚለው ድምፅ አሁንም በጆሮዬ አለ።

የተከራየሁት እትዬ ዘሀራ የሚባሉ የአሊዩ አምባ ሴት ግቢ ውስጥ ነው። እትዬ ዘሀራ ለሚመጣውም ለሚሄደውም ዱዓ የሚያደርጉ፣ ሲናደዱ ደግሞ ከአማርኛቸው መሀል የአያቶቻቸውን የአርጎባ ቃል ጣል የሚያደርጉ፣ ትርጉሙን ስንጠይቃቸው የሚስቁ ሰው ነበሩ። ግቢያቸው መሀል አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ አለ። ቀን ቀን ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ስለሌለ ኑሮ ሁሉ ከዛፉ ሥር ነው። ወንድሜን ሙላትን የተቀበልኩት እዚያ ግቢ ነው።

ሙላት የእናቴ የመጨረሻ ልጅ ነው። ከሰሜን ጦር ሜዳ ተመልሶ መንዝ ጥቂት ጊዜ ተቀመጠ ይባላል እንጂ አልተቀመጠም። እናታችን በሰው እጅ እንዲህ ብላ ላከችብኝ፤ “አስካለ፣ ይኸን ልጅ አንቺ ጋ አቆዪልኝ። እዚህ ገደሉ ብዙ ነው።” ማታውን መኝታው የሚሆን ፍራሽ ገዛሁ። መጣ። ሰውነቱ ሙሉ ነው፣ የእሾህ ጠባሳ እንኳ የለበትም። የጎደለው መቀመጥ ነበር። ምግብ የሚበላው የበሩን መቃን ተደግፎ ቆሞ ነው። ጠዋት ይወጣል፤ በአስፋልቱ እስከ ሮቢ ወንዝ ድልድይ፣ ከድልድዩ ወደ መናኸሪያ፣ ከመናኸሪያ በሽንኩርት እርሻው ጥግ ዞሮ ወደ ቤት፣ ውሃ ጠጥቶ እንደገና። በዚያ ሐሩር። ዛሬ ሐኪሞች ለዚህ ነገር ስም አላቸው፤ ሕክምናም አላቸው ይባላል። እኔ ያኔ ነርስ ሆኜ የማውቀው ስም ከእናቴ የተሻለ አልነበረም፤ አልረጋ አለ፣ እንል ነበር።

ሥራ አገኘሁለት። መስኖው ላይ ሽንኩርት ጠባቂ ሆነ፤ ጥበቃ ቆሞ የሚሠራ ሥራ ነው ብዬ። እሱ ግን እርሻውን ትቶ ውሃውን ተከትሎ ሄደ። ቀጥሎ የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ሚሌ ድረስ ወረደ። ወር ሙሉ ወሬው ጠፍቶ ከንፈሩ ተላልጦ ተመለሰ። የት ነበርክ ስለው አውላላ ሜዳ ላይ መውረዱን፣ ለምን እንደወረደ እሱም እንደማያውቅ ነገረኝ። ከዚያ በኋላ የመኪና ጥሩምባ በጮኸ ቁጥር ከበሽተኛ ፊት ተነስቼ በመስኮት አስፋልቱን አያለሁ። ከመንዝ የሚመጣው ሁሉ የእናቴን አንድ ጥያቄ ያመጣል፤ ልጄ ረጋ ወይ? እኔም ረግቷል ብዬ እልካለሁ።

ዑመር የእትዬ ዘሀራ የወንድም ልጅ ነው። አስፋልቱ ዳር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቶ በሁለት ኮምፒውተር ማመልከቻ ይጽፋል፤ ለተማሪና ለመምህራን ኮርስ ይሰጣል። ቀጭን፣ ቁጡ፣ ነገር የማይደጋግም ሰው። ሙላት አንድ ቀን ለሥራ የሚሆን ማመልከቻ ሊያስጽፍ እሱ ዘንድ ሄደ። የሄደው ጠዋት ነው፤ እስከ ቀትር ስላልተመለሰ የሚሌው ነገር ታወሰኝና ጫማዬን እያስጮህኩ መንገድ ለመንገድ ፈለግሁት። የዑመርን በር መጋረጃ ገለጥ ሳደርግ ሙላት ከኮምፒውተሩ ፊት በዱካ ላይ ተቀምጧል። የመኪና እሽቅድድም ጨዋታ ነው። ሁለት ጣቱ ቁልፎቹ ላይ ነው፤ ዓይኑ ከመስታወቱ አይነሳም። የማየው ግን ጨዋታውን አይደለም። እግሮቹን ነው። ከሰሜን ከተመለሰ ወዲህ ሁለቱ እግሮቹ እኩል መሬት ረግጠው ረግተው ያየሁበት የመጀመሪያ ቀን ነበር። ዑመር አየኝና ዝም በይ ብሎ በእጁ አመለከተኝ። መጋረጃውን መልሼ ወደ ሥራዬ ሄድኩ፤ ያን ቀን ስንት ሰው ወባ እንደመረመርኩ አላውቅም።

ለፍሪጅ ብዬ የገባሁበት ዕቁብ ደርሶኝ ነበር። ሮቢት ላይ ፍሪጅ መግዛት ማለት ገነት መግዛት ነው፤ እትዬ ዘሀራም ሥጋቸውን የሚያስቀምጡበት ቦታ እስከ መምረጥ ደርሰው ነበር። ኮምፒውተር ልገዛ ነው ስላቸው፣ ሙላት ከግቢው በር እስከ ዛፉ ሲመላለስ በዓይናቸው ተከተሉትና “ግዢ ልጄ። ሥጋውን እናደርቀዋለን” አሉኝ።

ሙሉውን አዲስ ኮምፒውተር ግን የዕቁቡ ብር አይደርስበትም። ዑመር ያረጁ የቢሮ ዕቃዎች እየፈታ የሚሸጥ ዘመድ መርካቶ ውስጥ ስለነበረው፣ በየቁራጩ ገዝተን እንገጥመዋለን አለ። እኔም ቀላል መሰለኝና ጥሩ ጥሩውን እንግዛ አልኩ። ዑመር ተቆጣ።

“ሲስተር፣ ይኸ ጥሩ ጥሩውን እየመረጡ የሚሰበስቡት ዕቃ አይደለም” አለኝ። “እርስ በርሱ መስማማት አለበት። ካልተስማማ ወላሂ የወርቅ ቢሆንም አይነሳም።”

ከዚያ በኋላ በየማታው ከኒሙ ዛፍ ሥር ክርክር ሆነ። እኔ ትልቅ መስታወትና ሰፊ ሃርድ ዲስክ ያለው እንዲሆን እፈልጋለሁ። ሙላት ለጨዋታው ምስል የሚያወጣ የቪዲዮ ካርድ የግድ ነው ይላል። ዑመር ሁለታችንንም እየገታ ነገሩን ከሥሩ ያስረዳናል፤ ሁሉ የሚሰካበት ማዘርቦርዱ ነውና መጀመሪያ እሱ ይወሰን፤ የማሽኑ አንጎል የሆነው ፕሮሰሰር እግሩ ከቦርዱ መቀመጫ ጋር ካልገጠመ አይገባም፤ ሚሞሪውም የቦርዱ ዓይነት መሆን አለበት፤ ቦርዱ ካርድ የሚሰካበት ቦታ ከሌለው የሙላት ካርድ ጌጥ ነው። ፕሮሰሰሩ መካከለኛ ይበቃዋል፤ ለቀላል ጨዋታ ከሱ ይልቅ ካርዱና ሚሞሪው ይጠቅማሉ። ከሁሉም በላይ ግን መብራቱን የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ ላይ አትሰስቱ አለን፤ የሮቢት መብራት ሲሄድ ሲመጣ እንደ ፍየል ይዘልላል፣ ሙቀቱም ማራገቢያ የሌለውን ዕቃ ቀቅሎ ይበላል። ሙላት ይጠይቃል። መቀመጥ አልቻለም፤ ዛፉን እየዞረ ነው የሚጠይቀው፤ ግን ይጠይቃል። ከተመለሰ ወዲህ ስለማናቸውም ነገር ጠይቆ አያውቅም ነበር። ለምን አይገባም? እግሩ ስንት ነው? ይኸኛው ያኛውን ቢችለውስ? ዑመር ሲደክመው ነገ ሱቅ ናና እይ ይለዋል፤ ሙላት ጎህ ሲቀድ ሱቁ በር ላይ ይገኛል።

ቁርጥራጩ በአውቶቡስ ሹፌር እጅ ይመጣ ጀመር። ቦርዱ ከነፕሮሰሰሩ በጋዜጣ ተጠቅልሎ መጣ። ከዚያ ኬዙ፣ ማለት ሣጥኑ፣ ከዚያ ጀርባው እንደ ነፍሰ ጡር ሆድ የተገፋ ሞኒተር፤ ረዳቱ ጭኑ ላይ አድርጎት ነው ያመጣልን። በሌላ ሳምንት ካርዱ፣ ሃርድ ዲስኩ፣ የቁልፍ ሰሌዳውና ፓወር ሰፕላዩ። የቀረው ሚሞሪው ሲሆን እኔ ለሥልጠና አዲስ አበባ ተጠራሁ። ዑመር የሚፈልገውን ዓይነት ነግሮኝ ነበር። የገባሁበት ሱቅ ሰውየው ያ ዓይነት አልቋል፣ ይኸኛው የሱ ታናሽ ነው፣ አዲስና ፈጣን ነው አለኝ። ከፍ ያለውን በዝቅተኛው ዋጋ አገኘሁ ብዬ በደስታ በመሀረቤ ጠቅልዬ ደረቴ ውስጥ ይዤው ወረድኩ።

እሑድ ቀን ዑመር ሱቅ ተሰበሰብን። ዑመር ሚሞሪውን እንዳየው ፊቱ ተለወጠ። አሮጌው ዓይነት ጥርሱ ያለበት ጠርዝ ሁለት ቦታ የተበላ ነው፤ ያመጣሁት አንድ ቦታ ብቻ ነው የተበላው። ቦርዱ ላይ ሲያስጠጉት ከቦርዱ ጉብታ ጋር አልተገናኘም። ሙላት ተቀብሎ ሞከረ፤ ገልብጦ ሞከረ፤ በአውራ ጣቱ ይጫነው ጀመር። ዑመር እጁን ያዘው። ሙላት ሚሞሪውን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አኖረና ወጣ። በመስኮት ሳየው በአስፋልቱ ወደ ድልድዩ እየሄደ ነው፤ እርምጃው የበፊቱ እርምጃ ነው። አለቀ ብዬ አሰብኩ። ያን ሁሉ ሳምንት ያቆየው ነገር በአንድ ጣት በምታክል ዕቃ ፈረሰ።

ሲመሽ ቤት ተመልሶ እደጃፉ ቆመ።

“እታለም፣ እኔ አዲስ አበባ ሄጄ ልለውጠው” አለኝ። “ቦርዱንም ስጡኝ፣ አጠገብ ላጠገብ አድርጌ ልየው።”

በሹፌር እንላከው አልኩት። ሹፌር የሚገጥም ከማይገጥም አይለይም አለኝ። እንግዲያስ ዑመር ይሂድ አልኩት። ዑመር ኮርስ እያስተማረ ነው አለኝ። ሙላት ከሰሜን ሲመለስ በአዲስ አበባ በኩል አልፎ እንደሆነ እንጂ ብቻውን ከተማ ገብቶ አያውቅም። እትዬ ዘሀራ ከውጭ ሲሰሙን ቆይተው፣ አንቺ ልጅ ብትይዥውም ይሄዳል፣ መሄዱ ካልቀረ ሰጥተሽው ይሂድ አሉኝ። ቦርዱን በፎጣ ጠቅልዬ ሰጠሁት።

በማግስቱ ማታ ይመለሳል የተባለው ሙላት በማግስቱ አልመጣም። በሦስተኛውም አልመጣም። አሁን ስለራሴ ልንገራችሁ። እኔ ሰው የምታረጋጋ ነርስ ነኝ፤ ምጥ የያዛት ሴት እጄን ስትይዝ ትንፋሿ ይመለሳል ይሉኝ ነበር። በዚያ ሳምንት መቀመጥ ተሳነኝ። የምሳ ሰዓት አውቶቡስ ሲደርስ አስፋልቱ ላይ ነኝ፤ የሚወርደውን ሁሉ ፊት ፊቱን አያለሁ። አውቶቡሱ ሲሄድ ወደ ጤና ጣቢያ ልመለስ እልና እግሬ ወደ ድልድዩ ይወስደኛል። ማንጎ ሻጮቹ መጀመሪያ ማንን ነው የምትጠብቂው ብለው ይጠይቁኝ ነበር፤ ኋላ መጠየቁን ትተው ጥላቸው ሥር ዱካ ያወጡልኝ ጀመር። አንድም ቀን አልተቀመጥኩበትም። ቆሜ እበላለሁ። ዘመን ካለፈ በኋላ እንኳ ያ ሳምንት ሲታወሰኝ ከተቀመጥኩበት እነሳለሁ፤ ያው እንዳያችሁኝ ከጽሕፈት ቤቱ ወጥቼ ስመላለስ ነበር።

ቴሌ ሄጄ ተራ ጠብቄ ለዑመር ዘመድ ደወልኩ። መስመሩ ይንጫጫል። ሰውየው፣ አዎ አንድ ረጅም ልጅ ቦርድ ይዞ መጥቶ ነበር፣ አሁን ግን የለም፣ ወጥቷል አለኝ። የት ወጣ ስለው መስመሩ ተቋረጠ። ወጥቷል ያለው ለምሳ ይሁን ለዘለዓለም አላወቅሁም። በዚያ ሰሞን አንድ ሰው ከመንዝ መጥቶ የእናቴን ጥያቄ ጠየቀኝ። ረግቷል አልኩት፤ ሰውየው ትክ ብሎ አየኝ።

አንድ ቀን ቁስል እያሰርኩ ሳለ የዑመር ተማሪ የሆነች ልጅ በር ላይ ቆማ፣ ሲስተር ወንድምሽ ሱቅ ነው አለችኝ። ፋሻውን አሰርኩ፣ አሰራሬን መልሼ አየሁ፣ እጄን ታጠብኩ፣ ከዚያ ሮጥኩ። ሙላት ከስቷል፤ ልብሱ የመርካቶ አቧራ ለብሷል። ጠረጴዛው ላይ ሌላ ቦርድ ተቀምጧል፣ አጠገቡ ያው እኔ የገዛሁት ሚሞሪ።

ነገሩን ለዑመር እየነገረው ነበር የደረስኩት። ሚሞሪውን አልለወጠውም። መርካቶ ደርሶ ሁለቱን አጠገብ ላጠገብ ሲያይ፣ አሮጌው ዓይነት እየጠፋ መሆኑን፣ ነገ ሌላ መጨመር ቢፈልግ እንደማይገኝ ከሰዎቹ ሰማ። ስለዚህ ሚሞሪውን ይዞ ቦርዱንና ፕሮሰሰሩን ለወጠ፤ አዲሱ ቦርድ እኔ የገዛሁትን ሚሞሪ ይቀበላል፣ የካርዱም መሰኪያ አለው፣ ፓወር ሰፕላያችንም እንደሚችለው ጠይቆ አረጋግጧል። የዋጋውን ልዩነት የከፈለው እዚያው የዑመር ዘመድ ሱቅ ዕቃ እየተሸከመና አሮጌ ኮምፒውተር እየፈታ ነው። ማታ ማታ ከካርቶኖቹ መሀል ይተኛ ነበር። ዑመር ቦርዱን አገላብጦ አየና “ማሻአላህ” አለ፤ ከዑመር አፍ ምስጋና የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ለምን አልደወልክም አልኩት። 

ሙላት ወደ ቦርዱ እንዳቀረቀረ “ብደውል ና ትይኛለሽ” አለኝ። “ና ካልሽኝ እመጣለሁ። ሳልጨርስ መምጣት አልፈለግሁም።”

የገጠምነው እኛ ግቢ ነው። ሙቀቱ ለጉድ ነበር፤ እትዬ ዘሀራ ላባችን ዕቃው ላይ እንዳይንጠባጠብ ፎጣ እያቀበሉን ነው የሠራነው። ሙላት ፕሮሰሰሩ ላይ ሙቀት የሚያወጣውን ነጭ ቅባት ቀብቶ ማራገቢያውን አሰረ። ሚሞሪው ቀጭ ብሎ ገባ። መብራቱን ስንለቅ ማራገቢያው ዞረ፤ መስታወቱ ግን ጥቁር ነው። አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር ጢጥታ ሰማን። እኔ ሁሉም ነገር ያለቀ መሰለኝ። ዑመር ሊናገር አፉን ሲከፍት ሙላት ጢጥታውን ቆጥሮ ኖሮ ቀድሞት ካርዱ በደንብ አልተቀመጠም አለ፤ መብራቱን አጥፍቶ ካርዱን ነቅሎ እንደገና ሰካው። በሁለተኛው አንድ አጭር ጢጥታ ብቻ ተሰማና ነጭ ፊደል በጥቁሩ ላይ ወጣ። እትዬ ዘሀራ ምን እንደሚል ጠየቁኝ። አላውቅም፣ ግን ተነሥቷል አልኳቸው።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የመኪና ሞተር ድምፅ ነው። ከሥራ ስመለስ ግቢው ሳልደርስ እሰማዋለሁ፤ የዚያ ጨዋታ መኪና ሲነሳ ይቆጣል፣ ሲታጠፍ ያፏጫል፣ ግድግዳ ሲመታ ይንኮታኮታል። ድምፁ ካለ ሙላት አለ። እትዬ ዘሀራ ሰላታቸውን ሲጀምሩ ይዘጋላቸዋል፣ ሲጨርሱ ራሳቸው ክፈተው ይሉታል። ግንቦት ሲገባ ሙቀቱ ቤት ውስጥ አላስቀምጥ ስላለው ኮምፒውተሯ በራሷ ትጠፋ ጀመር። ሙላት ጎኗን ፈትቶ፣ ረጅም ገመድ ዘርግቶ ከኒሙ ዛፍ ሥር አወጣት። አላፊ አግዳሚው በአጥሩ ላይ አንገቱን እያሰገገ በወረዳችን በቀወት ዛፍ ሥር የበቀለ ኮምፒውተር አየን ብሎ ይስቅ ነበር።

አንድ እሑድ ከጀርባው ተቀምጬ ማሾ እለቅማለሁ፤ እሱ ይነዳል። ዓይኑን ከመስታወቱ ሳያነሳ እንዲህ አለኝ።

“እታለም፣ አንድ ጓደኛ ነበረኝ። ከግሼ ነው። አንድ ቀን ደክሞናል፣ ተቀምጠናል። ውሃ ላምጣ ብዬ ስነሳ፣ አንተ ምን አለ ብትቀመጥ አለኝ። ውሃውን ይዤ ስመለስ የተቀመጥንበት ቦታ የለም።”

መኪናው መስታወቱ ውስጥ መንገዱን ይዞ ይሄዳል። ማሾውን መልቀም አላቋረጥኩም፤ ባቋርጥ እሱም የሚያቋርጥ መሰለኝ። ሌላም ነገረኝ፤ እሱ የእሱ ስለሆነ እዚህ አልጽፈውም። በዚያ ክረምት በየጥቂቱ፣ ሁልጊዜ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ ሁልጊዜ እየነዳ ነገረኝ። ዞር ብሎ ፊቴን አይቶ የነገረኝ አንዲት ነገር የለችም። ማሾውን ስንት ጊዜ ደጋግሜ እንደለቀምኩት ግን አትጠይቁኝ፤ ጠጠር ካለቀበት በኋላም እለቅም ነበር።

ወሬው ወጣና መምህራኑ ለእኛም ግጠምልን ይሉት ጀመር። ካራቆሬ የመድኃኒት መደብር ያለው ሰው ጠራው፤ አጣዬ ሌላ ጠራው። ቦርድና ፓወር ሰፕላይ ጭኑ ላይ አድርጎ በሚኒባስ ይሄዳል፣ ሲመሽ ይመለሳል። ሰዎቹን ሲጠይቅ የዑመርን ቁጣ ሁሉ ወርሶ ነበር፤ ምን ልትሠራበት ነው፣ መብራታችሁ እንዴት ነው፣ ቤቱ ቆርቆሮ ነው ወይ? አንዳንዱ ለጨዋታ መሆኑን ለመናገር ያፍራል። ሙላት እንዳያፍሩ ነው የሚነግራቸው። እኔም አስፋልቱ ላይ መቆሙን ተውኩት። እናቴ በላከችብኝ ጊዜ፣ መርጋቱን እንጃ፣ ግን ይመለሳል አልኳት።

ዛሬ ሙላት ደሴ ነው። የራሱ ሱቅ፣ መምህርት ሚስት፣ ለአቅመ ሔዋን የደረሱ ሴት ልጆች አሉት። በእነዚያ አገሮች ስንት ነገር አለፈ፤ ሱቁም አንድ ጊዜ ባዶ ቀርቶ እንደገና ተነሥቷል፣ እሱን ሌላ ሰው ይጻፈው። ዛሬም ወንበር ላይ ሲቀመጥ ጠርዙ ላይ ነው፤ ተነሥቼ መሄዴ ነው የሚል ይመስላል። ሚስቱ ለምዳዋለች። ዑመርን ከዓመታት በፊት ቀበርነው፤ እትዬ ዘሀራን ከእሱ በፊት። ኒሙ መኖሩን አላውቅም።

ሙላት ከሮቢት የሄደበትን ቀን ግን ልንገራችሁ። ደሴ ያለ ሰው አብረን እንሥራ ብሎት ነበር። ለሁለት ቀን ስለሌላ ስለሌላ ነገር ሲያወራኝ ቆይቶ በሦስተኛው ጠዋት ቁርስ ላይ እንደሚሄድ ነገረኝ። አንተን ለማቆየት የገዛሁት ዕቃ ነው የሚወስድህ፤ ይኸን ልለው ነበር። ሻይዬን ጠጣሁ። ኮምፒውተሯን ይዘሃት ሂድ አልኩት፤ ያንቺ ናት አለኝ። ልሸኝህ ስለው ሥራ ይረፍድብሻል፣ ሂጂ አለኝ። ሄድኩ። አውቶቡሱ በጤና ጣቢያው ደጅ ሲያልፍ ሰማሁት፤ መርፌ እየወጋሁ ስለነበር ቀና አላልኩም።

ሲመሽ ቤት ገባሁ። እራት አላሰኘኝም። ወደ በሩ ሄድኩ፣ ወደ አልጋው ሄድኩ፣ ዕቃ አነሳሁ አስቀመጥኩ። በመጨረሻ ዱካውን ስቤ ኮምፒውተሯ ፊት ተቀመጥኩና እሱ ሲያደርግ እንዳየሁት አበራኋት። ማራገቢያው ዞረ፣ ያ የጋለ አቧራ ሽታ መጣ። ጨዋታውን ፈልጌ ከፈትኩት። መኪናው ገና ከመነሳቱ ግድግዳ ገባ። ወደ ኋላ መመለሻውን ቁልፍ ፈልጌ አገኘሁ፣ አወጣሁት፣ እንደገና ገባ። ላቤ ይወርዳል፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ እኔ እነዳለሁ። እትዬ ዘሀራ ከመግሪብ ሰላታቸው ተነሥተው በግድግዳው ወዲያ ማዶ ሲንቀሳቀሱ ሰማኋቸው። ከዚያ ድምፃቸው መጣ።

“ሙላት? ተመለስክ ልጄ?”

“አይ፣ እትዬ” አልኳቸው። “እኔ ነኝ።”